ባትሪው ደህና ነው፤ ደሙን መርምሩት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ደረቱ ውስጥ ፔስሜከር ያለበት ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ከቤተሰቡ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ባትሪው አልቆ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያስገቡለት አዲስ አበባ ናቸው፤ ወደዚያው ይወሰድ» ነው። ጎረቤት ይስማማል፣ መኪና ይፈለጋል፣ ገንዘብ ይዋጣል። አንዳንድ ጊዜ የጤና ባለሙያው ራሱ ይስማማል፤ «ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው» ብሎ የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። ክፉ ያሰበ የለም። ግን ይህ ቅንነት በሽተኛውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በሽተኛው ደግሞ የቀረው ምናልባት አንድ ሰዓት ነው።

ክርክሩ አጭር ነው። ፔስሜከር ያለበት ሰው ሲወድቅ ከሪፈር ወረቀቱ በፊት በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም መለካት አለበት። ይህን ሌሊትም እሑድም ማድረግ የማይችል ሆስፒታል የልብ ሕሙማንን እየተከታተለ ነው አይባልም። ሆስፒታሉን ለዚህ ያላበቃ የጤና ቢሮም «ለልብ ሕሙማን ደርሰናል» የሚል ሪፖርት ሊጽፍ አይገባውም።

ባትሪው የቀረበበት ክስ

መጀመሪያ ባትሪው የተከሰሰበት ጉዳይ ይመርመር። ፔስሜከር እንደ ግድግዳ ሰዓት አንድ ቀን በድንገት ቀጥ የሚል ዕቃ አይደለም። ባትሪው እንደ ዓይነቱና እንደ አጠቃቀሙ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። ሊያልቅ ሲቃረብ መሣሪያው «የመቀየሪያ ጊዜዬ ደርሷል» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ከዚያም በኋላ ብዙውን ጊዜ ለተወሰኑ ወራት የሚሆን አቅም ይተርፈዋል። በክትትል ላይ ያለ ሰው ይህን ቀድሞ ያውቃል።

ስለዚህ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የተተከለለት ሰው ጠዋት ሰኞ ገበያ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ቢወድቅ፣ ባትሪው በተጠርጣሪዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው መግባት ያለበት። ሽቦው ተሰብሮ ወይም ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ራጅና የመሣሪያውን ማንበቢያ ይጠይቃል። ነገር ግን ባትሪውም ሽቦውም ደህና ሆነው ልብ የማይመታበት ሌላ መንገድ አለ። በዝምታ የሚታለፈው እሱ ነው።

ክብሪትና እርጥብ እንጨት

ፔስሜከር ልብን በእጁ ጨምቆ አያስመታም። ሥራው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት መላክ ብቻ ነው። ምቱን ተቀብሎ የሚኮማተረው የልብ ጡንቻው ነው። ነገሩ ክብሪትና እንጨት ነው፤ ክብሪቱ ደህና ቢሆንም እንጨቱ እርጥብ ከሆነ እሳት የለም። ክብሪት ሻጩን መክሰስም እሳት አያመጣም።

እንጨቱን የሚያረጥቡት በደም ውስጥ ያሉ ጨዎች ናቸው፤ ሐኪሞች ኤሌክትሮላይት ይሏቸዋል። ዋናው ፖታሲየም ነው። በሰውነት ውስጥ ካለው ፖታሲየም 98 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በሴሎች ውስጥ ነው፤ በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት መጠን በጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል። የልብ ሴል ለኤሌክትሪክ ምት መልስ የሚሰጠው በውስጡና በውጭው ባለው የፖታሲየም ልዩነት ተደግፎ ነው። የውጭው ከፍ ሲል ልዩነቱ ይጠባል፣ ሴሉ ይደነዝዛል። በፊት በትንሽ ምት ይነቃ የነበረ ልብ አሁን ትልቅ ምት ይፈልጋል።

ሐኪሞች መሣሪያውን ሲያስተካክሉ ይህን በመስጋት ልብን ለማንቃት ከሚያስፈልገው ጉልበት ብዙ ጊዜ እጥፍ ያህል ይሰጡታል። ያ ትርፍ በደህናው ቀን ይበቃል። ፖታሲየሙ 7 ሚሊሞልን ሲያልፍ ግን ትርፉ ሊያልቅ ይችላል። መሣሪያው ምት ይልካል፣ ልብ አይመልስም። በኢሲጂ ወረቀት ላይ ይህ በዓይን ይታያል፤ የመሣሪያው ምት እንደ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ ከኋላው ግን የልብ ምት የለም። ወይም የልብ ምቱ ይኖርና ሰፊና የተዛባ ይሆናል። በኩላሊት ድካም ወይም ስኳሩ በጣም በወጣበት ሰው ላይ የሚመጣው የደም አሲድነትም ይህንኑ ድንዛዜ ያባብሰዋል።

ፖታሲየም ሲያንስም ሌላ ጣጣ አለ። ተቅማጥ፣ ትውከትና የሽንት መድኃኒት ፖታሲየምን ጠርገው ሲያወጡት ልብ ከልክ በላይ ይቆጣል፤ አደገኛ የምት መዛባት ይነሳል። ደረቱ ውስጥ ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰው መሣሪያ፣ ማለትም ዲፊብሪሌተር ያለበት ሰው በዚህ ምክንያት በተደጋጋሚ ሊመታ ይችላል። ፖታሲየም ከፍ ሲልም መሣሪያው የአንዱን የልብ ምት ሞገድ ሁለት አድርጎ ቆጥሮ፣ ሳያስፈልግ በቁሙ ያለን ሰው ሊመታ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ቤተሰብ «መሣሪያው ተበላሸ» ይላል። መሣሪያው ግን የታዘዘውን እየሠራ ነው፤ የተዛባው ደሙ ነው።

ከአፋር የመጣ ጨው በባቲ ገበያ ሲያልፍ የኖረበት አገር ሰው ስለ ጨው ትምህርት አያስፈልገውም። ያው የቆየው ተረት ይበቃል፤ የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ይህ የመጽሐፍ ወሬ የሚመስለው ካለ አንዲት የኮምቦልቻ እናትን ያስብ። እውነተኛ ሰው አይደሉም፤ የሚሆንባቸው ነገር ግን ሁሉ በየቀኑ የሚሆን ነው። ዕድሜያቸው ወደ 65 ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ፔስሜከር ተተክሎላቸዋል። ለደም ግፊትና ለልባቸው ድካም ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ይወስዳሉ። ሁለቱም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ።

ጉልበታቸውን ሲያማቸው ልጃቸው ከሰፈር ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ትገዛላቸዋለች። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ዲክሎፌናክ የኩላሊትን ሥራ ያዳክማል። በሳምንቱ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ሆዳቸው ይታወካል፤ ሦስት ቀን ያስቀምጣቸዋል። ውኃ አነሳቸው፣ ሽንታቸው ቀነሰ። ኩላሊት በአንድ በኩል በመድኃኒት ተይዟል፣ በሌላ በኩል ደም አልደረሰውም። ለተቅማጡ ባክትሪም ተሰጣቸው፤ እሱም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል። እሳቸው ግን «የልብ መድኃኒት አይቋረጥም» ስለተባሉ ኪኒናቸውን በታማኝነት ይውጣሉ። በአራተኛው ቀን ከአልጋ ሲነሱ ወደቁ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ የለም። ወንጀለኛም የለም። ያለው ሦስትና አራት ትንንሽ ነገሮች መገጣጠም ነው። ይህን መገጣጠም የሚያሳየው አንድ ጠብታ ደም ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የወሎ ኑሮ የራሱን ይጨምርበታል። በረመዳንም በሁዳዴም ጿሚው የመድኃኒቱን ሰዓት በራሱ ያዛውራል፤ የሽንት መድኃኒት እየወሰዱ ቀኑን ሙሉ ውኃ አለመጠጣት ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋቱ የጾሙ አይደለም፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው በር ከፍተዋል። ጥፋቱ ከሻዕባን ወይም ከቅበላ በፊት «መድኃኒትህን እንዴት እናስተካክለው?» ብሎ የሚጠራው ክሊኒክ አለመኖሩ ነው። ለኮሶ ትል ሲባል የሚጠጣው የአገር መድኃኒት ሆድን ጠርጎ ሲያወጣም ፖታሲየሙን አብሮ ይወስዳል። «ጨው አቁም» የተባለ ሰው ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ምትክ ጨው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው በጤና ስም የተሸጠ መርዝ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ነው

የሚያናድደው ክፍል እዚህ ይጀምራል። ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ፔስሜከሩን ያልሰማ ልብ የሚታከመው በምንድን ነው? ከውጭ አገር በሚመጣ ቡድን? በሚሊዮን ብር ማሽን? አይደለም።

መጀመሪያ የሚሰጠው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። በደም ሥር ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ልብን ያረጋጋል፤ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ያ ጊዜ ለቀጣዩ ሥራ ይበቃል። ቀጥሎ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ይሰጣል፤ ፖታሲየሙን ከደም ወደ ሴል ይመልሰዋል። ለአስም በሽተኛ የሚሰጠው ሳልቡታሞልም ያንኑ ያግዛል። ከዚያ ፖታሲየሙን ከሰውነት ማስወጣት ይቀጥላል፤ ለአንዳንዱ በፈሳሽና በሽንት መድኃኒት፣ ለከፋበት በኩላሊት እጥበት። ፖታሲየሙ ሲወርድ ያው «አለቀ» የተባለው ባትሪ፣ ያው «ተበላሸ» የተባለው መሣሪያ፣ ማንም ሳይነካው ልብን መልሶ ያስመታል።

ካልሲየም ግሉኮኔት ብርቅ መድኃኒት አይደለም። በነፍሰ ጡር ግፊት ለምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዥየም ሰልፌት በሚሰጥበት በማንኛውም ማዋለጃ ክፍል፣ ማግኒዥየሙ ቢበዛ ማርከሻ ሆኖ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ኢንሱሊን ለስኳር በሽተኛ አለ። ሳልቡታሞል ለአስም አለ። ማዋለጃ ክፍሉና ድንገተኛ ክፍሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ጥቂት ርምጃ መሻገር አቅቶ ሰውን 400 ኪሎ ሜትር መላክ ምን ይባላል?

ሕክምናው ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ ምን ጎደለ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ «ፖታሲየም ይሆን?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን በሰዓታት ውስጥ የሚመልስ ላብራቶሪ።

ማሽን አለ፣ ሬጀንት የለም

በአገሪቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች የተኛ ወይም ያስታመመ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፤ «ማሽኑ አለ፣ ሬጀንት አልቋል፤ ውጭ አሠሩ።» ማሽን ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ማሽኑ የሚበላው ኬሚካል ሲያልቅ ፎቶ የሚያነሳ የለም። ለአንድ ጊዜ ግዥ በጀት ይገኛል፤ ለየወሩ ፍጆታ ግን የሚቆም የለም። ውጤቱ ግልጽ ነው። በሽተኛው ወይም አስታማሚው የደም ብልቃጥ ይዞ ወደ ግል ላብራቶሪ ይሮጣል፤ የግሉ ደግሞ ሌሊት ዝግ ነው።

ናሙና ይዞ መሮጥ በገንዘብ ብቻ አይጎዳም፤ ውጤቱንም ያበላሻል። ፖታሲየም በሴሎች ውስጥ ስላለ፣ ደሙ በኃይል ሲቀዳ ወይም ፈሳሹ ሳይለይ ሲቆይና ሲናጥ ሴሎቹ ይፈነዳሉ ወይም ያፈስሳሉ፤ ቁጥሩም በሐሰት ከፍ ይላል። ከኮምቦልቻ የተቀዳ ደም የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ እስኪደርስ ቢንገላታ፣ የሚመጣው ቁጥር የበሽተኛው ይሁን የመንገዱ ማን ያውቃል? በአንዱ ቁጥር ሰው በከንቱ ይታከማል፤ በሌላው ደግሞ «ናሙናው ነው» ተብሎ እውነተኛው አደጋ ይታለፋል። ስለዚህ ምርመራው ሰውየው ካለበት መሠራት አለበት። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። የፋብሪካውን ውኃ ጨዋማነት መለካት የሚችል ከተማ የነዋሪውን ደም ጨው ሌሊት መለካት አይችልም ማለት ያሳፍራል።

እውነት ነው፤ ይህ አካባቢ ተጎድቷል። ከጥቅምት 2014 እስከ ኅዳር 2014 መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩባቸው ሳምንታት የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ዕቃዎቹ ተሰባብረዋል። ያንን የሠራው አካል የታሪክ ዕዳ አለበት። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መንገድ የሚዘጋበት አገር ሕክምናውን በመንገድ ላይ አይመሠርትም። አምቡላንሱ ሸዋ ሮቢት ላይ ሊቆም የሚችል ከሆነ መልሱ ደሴ ላይ መኖር አለበት። ዘረፋውም ከዓመታት በኋላ ለሌሊት ተረኛ ላብራቶሪ አለመኖር ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

ተከላው የክብር፣ ክትትሉ የማንም

ኢትዮጵያ በልብ ሕክምና የሠራችው ትንሽ አይደለም። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ሥራ በሕዝብና በበጎ አድራጊዎች መዋጮ አድጎ፣ በ2001 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ከፍቷል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም የዕረፍት ጊዜያቸውን ሠውተው፣ መሣሪያ በሻንጣ ይዘው እየመጡ ተክለዋል። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ግን ተከላ የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር ሙሉ በሙሉ ከቆዳው ሥር የተተከለለት ስዊድናዊው አርነ ላርሰን ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1958 ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነው። ሰውየው ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ኖሮ በ86 ዓመቱ ሞተ፤ በሕይወቱ 26 መሣሪያዎች ተቀይረውለታል። ያኖረው አንድ ዕቃ አይደለም። ለ43 ዓመት ያልተቋረጠ ክትትል ነው።

እዚህ አገር ግን ገንዘብ የሚሰበሰበው ለተከላ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ወንድማችንን እናድን» ተብሎ ሚሊዮን ብር ይዋጣል፤ ሰውየው ይድናል፤ በአበባ ይቀበሉታል። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ለኩላሊትና ለፖታሲየም ምርመራ የሚያስፈልገውን ጥቂት ገንዘብ የሚያስታውስ የለም። በዕርዳታ የሚመጡት መሣሪያዎችም ከተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው፤ የሜድትሮኒክን የሚያነበው ማሽን የባዮትሮኒክን አያነብም። የትኛው እንደተተከለለት የሚገልጸው ካርድ ቤት ውስጥ ከመሬት ይዞታ ወረቀት ጋር ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሲወድቅ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ያገለገለ ዕቃ ስለሰጡን ነው» የሚል ሐሜትም አለ። ታጥበውና ተመርምረው ዳግም የተተከሉ መሣሪያዎች በሌላው ዓለም ተጠንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በሜክሲኮ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በጓቲማላና በሆንዱራስ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የተተከለላቸውን 1,051 ሰዎች በካናዳ አዲስ ከተተከለላቸው ጋር አነጻጽሯል። ኢንፌክሽን በዳግሞቹ 2 በመቶ፣ በአዲሶቹ 1.2 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚደፋ አልሆነም። ስለዚህ የሰጪውን እጅ ከመጠርጠር በፊት የተቀባዩን ደም መመርመር ይቀድማል።

«ስንት ሰው ስላለ ነው?»

የተለመደው መልስ ይታወቃል። «በደቡብ ወሎ ፔስሜከር ያለበት ስንት ሰው አለ? ወባ፣ ቲቢ፣ የተፈናቃይ ረሃብ እያለ ለጥቂት ሰዎች ላብራቶሪ እናቁም?»

ጥያቄው የተገለበጠ ነው። የፖታሲየም ምርመራ ለፔስሜከር ብቻ የሚሠራ ቅንጦት አይደለም። ስኳሩ ወጥቶ ራሱን የሳተ ወጣት ኢንሱሊን ሲሰጠው ፖታሲየሙ ካልታየ ሕክምናው ራሱ ሊገድለው ይችላል። በኮሌራ የደረቀ ሕፃን፣ በምግብ እጥረት ያበጠ ልጅ፣ ኩላሊቱ የደከመ ገበሬ፣ በሩማቲክ የልብ በሽታ የሽንት መድኃኒት የምትወስድ የ20 ዓመት ልጅ፤ ሁሉም ያችኑ አንድ ምርመራ ይፈልጋሉ። ፔስሜከር ያለበት ሰው የሚያደርገው የላብራቶሪውን ባዶነት ቀድሞ ማጋለጥ ብቻ ነው።

«ስፔሻሊስት የለንም» የሚለውም አያዋጣም። ኢሲጂ አንስቶ ምት የሌለባትን ቀጭን መስመር ለማየት የልብ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ካልሲየም ለመስጠት ጠቅላላ ሐኪም ይበቃል። ስፔሻሊስቱ በስልክ ሊገኝ ይችላል፤ ፖታሲየም ግን በስልክ አይለካም። «ትልቁ የወሎ ተርሸሪ ኬር ሆስፒታል ሲያልቅ ሁሉም ይስተካከላል» ብሎ መጠበቅም ሌላ ማምለጫ ነው። ሕንፃው ይሠራ፣ ይመረቅ። የዛሬ ሌሊት በሽተኛ ግን ሲሚንቶ እስኪደርቅ አይጠብቅም።

የሚጠየቀው ምንድን ነው?

ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው፤ አንዱም ተአምር አይጠይቅም።

1. በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የኤሌክትሮላይት ምርመራ 24 ሰዓት ይስጡ። ማሽን ሲገዛ የሬጀንትና የጥገና ውል አብሮ ይፈረም፤ ያለ ውል የመጣ ማሽን ሪባን አይቆረጥለት። ሬጀንት ያለቀበት ቀን ቁጥር በየወሩ ለሕዝብ ይገለጽ።

2. በየድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ «ፔስሜከር ያለበት ሰው ወደቀ? ኢሲጂ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፤ ከዚያ ሪፈር።» ካልሲየም ግሉኮኔት ከማዋለጃ ክፍል ሌላ በድንገተኛው ሳጥን ውስጥም ይቀመጥ። የሚላክ በሽተኛም የታየለት ውጤት በሪፈሩ ላይ ተጽፎ ይላክ።

3. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ምርመራ በእውነት ይሸፍን። መድኑ በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለው ተሁለደሬ ነበር። ቀድሞ ያዋጣ ሕዝብ «ውጭ አሠራ» መባል የለበትም። ሆስፒታሉ ያላቀረበውን ምርመራ በሽተኛው ከኪሱ ሲከፍል መድኑ ስም ብቻ ነው የሚሆነው።

4. የሚተክሉና የሚያስተክሉ፣ ገንዘብ የሚያሰባስቡም ጭምር፣ የክትትሉን ወጪ ከመጀመሪያው ያስሉ። እያንዳንዱ በሽተኛ የመሣሪያውን ስም፣ የተተከለበትን ቀንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በአማርኛም የያዘ ካርድ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። የመሣሪያ ማንበቢያ ያለው ቡድንም በየጊዜው ደሴ ይምጣ፤ ለአንድ ቡድን መምጣት ለመቶ በሽተኛ ከመሄድ ይቀላል።

5. ፋርማሲዎች ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ባክትሪም ከመስጠታቸው በፊት «የልብ ወይም የኩላሊት መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ነፃ ነው።

ለቤተሰብም አንድ ቃል። ፔስሜከር ያለበት ሰው ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ጡንቻው ከዛለ ወይም ልቡ ከተዛባ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክር፤ የትኛው ኪኒን ለጊዜው ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። በራስ ውሳኔ መድኃኒት ማቋረጥም፣ «ፖታሲየም አለው» ብሎ ሙዝና አቮካዶ ማብላትም፣ መከልከልም አደጋ አለው። ሰውየው ከወደቀ ደግሞ መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ፤ አስታማሚውም ሳያፍር «ፖታሲየሙ ታይቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ሐኪም መናቅ አይደለም። ጥሩ ሐኪም የሚወደው ጥያቄ ነው።

ለጤና ቢሮው፣ ለከተማ አስተዳደሮቹና ለሆስፒታል ቦርዶቹ ደግሞ መልስ የሚጠብቅ አንድ ጥያቄ አለ። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጸድቅ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በእሑድ፣ በኮምቦልቻ የአንድን ሰው ፖታሲየም ማን ይለካል? ስምና ሰዓት ያለው መልስ ከሌለ፣ በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው «የልብ ሕክምና ተደራሽነት» መንገዱ ክፍት ለሆነበት፣ ቀኑ የሥራ ቀን ለሆነበትና ዕድል ለቀናው ሰው ብቻ የተጻፈ ነው።